ከአኩፋዳ እስከ ሚል ካርድ

የመጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ጊቢያችን የተማሪዎች አገልግሎት ታሪክ እንድጽፍ ሲጠይቀኝ ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። የታሪክ ሰው ነኝ፤ ሰነድ አገላብጬ፣ ዓመተ ምሕረት ደርድሬ፣ የትኛው ሕንፃ መቼ እንደተሠራ ጽፌ የምገላገል መሰለኝ። መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ካፌው መጋዘን ነው። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የ1995 ዓ.ም. የካፌ መቆጣጠሪያ ወረቀት።

በቅርብ ለተቀጠራችሁ መምህራን ላስረዳ። ያን ጊዜ ካፌ ስንገባ በሩ ላይ ጠረጴዛ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ረጅም ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ የሁላችንም ቁጥር፣ ከየቁጥሩ ፊት ለፊት ለቁርስ፣ ለምሳና ለእራት የተከፋፈሉ ትንንሽ ሳጥኖች። ሚል ካርዳችንን እናሳያለን፣ ቁጥራችንን እንጠራለን፣ ቲከሯ ሳጥኑ ውስጥ ምልክት ታደርጋለች። ማንም ሁለቴ እንዳይበላ ነው እንግዲህ። በወሩ መጨረሻ ወረቀቱ ሒሳብ ክፍል ይሄዳል፣ ከዚያ መጋዘን ይገባል።

የመጋዘኑ ኃላፊ ደግ ሰው ናቸው፤ ግማሽ ቀን ሙሉ አብረውኝ አቧራ ጠጡ። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ያለው አለ። «የዘጠና አምስቱ እኮ መምህር፣ በኪሎ ተሸጧል» አሉኝ። ከጊቢው በር ፊት ለፊት ቆሎ የሚሸጡት እናቶች መጠቅለያ ወረቀታቸውን ከየት ያመጡ እንደነበር ያኔ ገባኝ። እኔ የምፈልገው ረድፍ፣ ስድስት ቀን ባዶውን የተቀመጠው፣ ምናልባት የአንድ ብር ቆሎ ተቋጥሮበት ሄዶ ይሆናል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ቆሎ ከተነሣ ዘንድ ታሪኩንም ከቆሎ ተማሪ መጀመር ያስኬዳል። በአገራችን ከቤቱ ርቆ የሚማር ልጅ ዩኒቨርሲቲ ከመምጣቱ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ነበር። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ መንደር የብዙ ቀን መንገድ የሚርቀው የቤተ ክህነት ተማሪ፣ በወሎና በሌሎችም አካባቢዎች ኪታቡን ይዞ ከሼህ ወደ ሼህ የሚሄደው ደረሳ፣ ሁለቱም የሚበሉት ከማያውቁት ሰው እጅ ነበር። የቆሎ ተማሪው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ ይለምናል፤ ደረሳውንም መንደርተኛው ይቀልበዋል። ይህን ኑሮ ማሳመር አልፈልግም። ውሻ ይነክሳል፣ ቅማልና እከክ አለ፣ ተስቦ የገባ እንደሆነ ጎጆ ሙሉ ልጅ ይዞ ይሄዳል። ግን አንድ ነገር ነበረው። ልጁ በየቀኑ ከሚቆምበት ደጅ ያለችው ሴትዮ በመልኩ ታውቀዋለች። ሁለት ቀን ከቀረ «ያ ቀዩ ተማሪ ምነው ጠፋ?» ማለቷ አይቀርም። የኔታም ዓይናቸው ቢደክም እንኳ የጎደለውን ድምፅ ከዜማው ውስጥ ይለዩታል።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ሲጀመር ይህ መተያየት ወዲያው አልጠፋም። በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር የተማሪዎቹ ቁጥር 33 ነበር። ይመሩት የነበሩት የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የሆኑት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት ናቸው። ሠላሳ ሦስት ልጅ ማለት ዛሬ የአንድ ክፍል ተማሪ ማለት ነው። መኝታውም ምግቡም በመንግሥት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ብቅ እያሉ ይጎበኟቸው ነበር። አባታዊ አያያዝ ነበር፤ አባታዊ ቁጥጥርም አብሮት ነበር። ልጁ መታመሙም ይታወቃል፣ ማታ መውጣቱም ይታወቃል። የዚያ ትውልድ ሰዎች ስለ ኮሌጁ ሲያወሩ ፍቅርም ብስጭትም አብሮ የሚሰማው ከዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ ታኅሣሥ 1953 መጣ። የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ሲደረግ ተማሪዎቹ ደግፈው ሰልፍ ወጡ። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተመሠረተ። በ1955 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ አዳሪነት ቀረ፤ ለችግረኛ ተማሪዎች ወርኃዊ የገንዘብ ድጎማ ተተካ። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ውሳኔ የሚያነሡት ከፖለቲካው ጋር አያይዘው ነው። ተማሪው ወደ ከተማው ወጣ፣ የከተማውን ድኻ ጎረቤቱ አደረገ፣ በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ወጣ። ልክ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ስድስት ኪሎ አካባቢ በተከራያት አንድ ክፍል ውስጥ ተኝቶ ሦስት ቀን ያልወጣውን ልጅ ማን ያንኳኳለት ነበር? አከራይዋ ይሆኑ ይሆናል፣ ለዚያውም የወር ኪራይ ካለፈ። ሰነድ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረውን የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየወጡ ያገለገሉበትን፣ አልፈዋለሁ፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። በታኅሣሥ 1967 የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በየገጠሩ በተነ። እሱን ተከትሎ የመጣውን ቀይ ሽብር እዚህ የማነሣው ለአንድ ምክንያት ብቻ ነው። አንድ ልጅ ከአልጋው ሲጠፋ «የት ሄደ?» ብሎ መጠየቅ የሚያስፈራበት ጊዜ ነበር። የጠየቀ ራሱ ይጠየቃል። ላረጋግጠው ባልችልም የዚያ ዘመን ዝምታ ከዶርም ግድግዳ ላይ ቶሎ የለቀቀ አይመስለኝም። እኛ ስንገባ ከደርግ መውደቅ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል፤ ሆኖም አባቴ አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶኝ የመጨረሻ ቃሉ «የሰው ጉዳይ ውስጥ እንዳትገባ» ነበር። ያደገው በዚያ ዘመን ነው፣ አልፈርድበትም። እኔም ታዘዝኩ።

የገባሁት በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከመጨረሻዎቹ የማትሪክ ልጆች ነን። በዓመቱ የመሰናዶ ልጆች ሲመጡ የፍሬሽማን ዓመት ቀረ፣ ወጪ መጋራትም በ1996 ተጀመረ፣ ተማሪው በአንዴ በዛ። እኛ ግን ገና ስምንት ለአንድ ዶርም ነበርን፤ አራት ተደራራቢ አልጋ። የእኔ የታችኛው ነው። ከላዬ የሚተኛው ልጅ ከሩቅ ገጠር የመጣ፣ በጣም ረጅም፣ ከወረዳው አንደኛ የወጣ ነበር። አልጋው ስላጠረው እግሩ ከብረቱ አልፎ ይንጠለጠል ነበር፤ ማታ ስነቃ መጀመሪያ የማየው ካልሲውን ነው። ስሙን አልጽፍም፤ የዚያ ብሎክ ልጆች ታውቁታላችሁ።

ከመጀመሪያው የሒሳብ ሚድ ውጤት በኋላ ዝም አለ። ውጤቱን ከግድግዳው ላይ አብረን ነው ያየነው። በሕይወቱ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ስሙን ከታች ወደ ላይ ሲፈልግ አየሁት። በማግስቱ ክላስ አልሄደም። ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። «ምነው?» አልኩት። «ደክሞኛል» አለኝ። በሦስተኛው ቀንም ደክሞታል። ሌሎቹ የዶርም ልጆች ማታ ማታ ስፔስ ሄዶ እያጠና ቀን የሚተኛ መሰላቸው፤ እኔም እንዲያ እንዲሆን ፈለግሁ። ሚዳችን አላለቀም ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እንዳልረብሸው ብዬ ጫማዬን በር ላይ እያወለቅሁ በእግር ጣቴ ስገባና ስወጣ ሰነበትኩ።

በስድስተኛው ቀን ምሳ ላይ ቁጥሬን ስጠራ ቲከሯ እስክሪብቶዋን አላነሣችም። ሁላችንም «ማዘር» ነበር የምንላት። ወረቀቱን በጣቷ እየጠቆመች «ካንተ ጋር የሚመጣው ረጅሙ ልጅ ወዴት ነው?» አለችኝ። የእኔ ረድፍ ምልክት በምልክት ነው። የእሱ ነጭ ነው። «አለ፣ ዶርም ተኝቷል» አልኳት። «ስድስት ቀን ሳይበላ የሚተኛ ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው? አመመው እንዴ?» ከኋላዬ የተሰለፉት ልጆች መጮህ ጀመሩ። «ሂድ፣ አምጣው» አለችኝ። ምሳዬን ሳልበላ ተመለስኩ።

ጋቢውን ስገልጠው ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ከላይ ስናወርደው ከስምንታችን ሦስቱ ብቻ በቂ ነበርን፤ ያ ሁሉ ቁመት ክብደት አልነበረውም። ክሊኒክ ወሰድነው። ሙቀቱ ተለካ፣ ደም ሰጠ፣ ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ መድኃኒት ተጻፈለት። ሕመሙን የሚጠይቀው ሰው አልነበረም፤ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። በአገር ውስጥ የሳይካትሪ ስፔሻሊስት ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ገና በዚያው ዓመት፣ በጥር 1995 ነው። እኛ እሱን ተሸክመን ክሊኒክ በገባንበት ወራት የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ትምህርታቸውን እየጀመሩ ነበር ማለት ነው። ይህን ያወቅሁት ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ነው። ዓመቱን ሳየው ለጥቂት ጊዜ ወረቀቱን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

የተሰጠው መፍትሔ ዊዝድሮዋል ሞልቶ ወደ ቤቱ መሄድ ነበር። ዊዝድሮዋል ደግሞ ክሊራንስ ይፈልጋል። ታማሚ ሰው ቢሮ ለቢሮ ሊዞር ስለማይችል እኔ ዞርኩለት። ላይብረሪ፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ስፖርት ዕቃ ክፍል፣ ትምህርት ክፍል፣ ሬጅስትራር... ዘጠኝ ፊርማ። በዘጠኙም ቢሮ «ያልመለሰው ዕቃ አለ?» ተባልኩ። የስፖርት ዕቃ ክፍሉ ሰው ስለ አንድ መረብ ኳስ ብዙ ጠየቀኝ፤ ረጅም ልጅ መሆኑን ነግሬው ነበርና ተጠራጠረ። ልጁ ምን እንደሆነ ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ሞባይል የለም፤ ወላጆቹ ጋ መልእክት የደረሰው በአንድ የአውቶቡስ ረዳት በኩል ነው። አባቱ ከሁለት ቀን በኋላ በጎማ ጫማ መጡ። ከጊቢው በር ሳይገቡ ዘበኛው አጠገብ ቆመው ጠበቁት። ልጃቸውን ሲያዩ «ከሳህ» ብቻ አሉት። ፍራሹን አስረክቤ ስመለስ ሄደዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ፦ ጊቢያችን አደገ። የተማሪዎች ዲን ቢሮ ሰፋ፣ የምክር አገልግሎት የሚል ጽሑፍ በአንድ በር ላይ ተለጠፈ፣ ፀረ ኤድስ ክበቡ ለብዙዎቻችን ስለ ሕይወታችን በግልጽ የተነጋገርንበት የመጀመሪያው ቦታ ሆነ (የእነዚያ ክበቦች ታሪክ አለመጻፉ ያሳዝነኛል)። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ተማሪን በየቀኑ የደገፈው በአብዛኛው ቢሮ አልነበረም። የአገሩ ልጅ ሲኒየር ነበር፣ የጊቢ ጉባኤው ነበር፣ ጀመዓው ነበር፣ ፌሎሺፑ ነበር፣ ቁልፍ የምትይዘው ፕሮክተር ነበረች። ከእነዚህ ውጭ የቀረ ልጅ፣ እንደ እኔ የአልጋ ጎረቤት ቋንቋው አፉ ላይ የሚከብደው፣ ከማንም ያልተጠጋ፣ እሱ ነው የሚወድቀው። በ2012 ዓ.ም. በየጊቢው በተነሡት ግጭቶች እንዳየነው ደግሞ ያው የአገር ልጅነት የሚያቅፈውን ያህል የሚገፋም ሊሆን ይችላል።

በዚህ ረገድ በጣም ደስ የሚለኝ ሙከራ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቃል ኪዳን ቤተሰብ ነው፤ አዲስ የሚገባውን ተማሪ ከከተማው ነዋሪ ቤተሰብ ጋር ያገናኘዋል። ከሩቅ የመጣው ልጅ በበዓል ቀን የሚሄድበት ደጅ ያገኛል። ሲቀር የምትጠይቅ ሴትዮ ይኖረዋል ማለት ነው። እዚያ የቆሎ ተማሪው አገር መሆኑ ድንገት አይመስለኝም።

አሁን ወዳለንበት ልምጣ። በጥቅምት 2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። በዚያው ዓመት ሐምሌ አገር አቀፉ የመውጫ ፈተና ተጀመረ። ዛሬ ፊቴ የሚቀመጠው ተማሪ ሲገባም ሲወጣም ወንፊት ላይ ያለፈ፣ ወላጆቹ ተስፋቸውን ሁሉ የጣሉበት ነው። ውጤት አሁን ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፣ ስልኩ ላይ ይደርሰዋል፤ ከታች ወደ ላይ ሲፈልግ አጠገቡ የሚቆም ሰው የለም።

ካፌያችንም ወደ ዲጂታል ካርድ እየዞረ ነው። ተማሪው ካርዱን ያስጠጋል፣ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ያልፋል። ሰልፉ አጥሯል፣ ማጭበርበሩ ቀርቷል፤ አልቃወምም። ባለፈው ስብሰባ ላይ ግን አንድ ነገር ጠየቅሁ። «ይህ ማሽን ተከታታይ ሦስት ቀን ያልበላ ተማሪ ዝርዝር ማውጣት ይችላል?» ሲስተሙን የሠራው ወጣት ከራሳችን ምሩቃን አንዱ ነው። «በደቂቃ ይወጣል፣ መምህር» አለኝ። ቀጥሎ፣ ለማሾፍ ሳይሆን ከልቡ፣ «ግን ማን ነው የሚያየው?» አለ። ስብሰባው ውስጥ የነበርነው አሥራ አንድ ሰዎች እርስ በርስ ተያየን። ነጥቡ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። ማኅበራችን ለዚህ ሪዩኒየን ካሰበው የበር ቅስት ወጪ ጥቂቱ ቢቀነስና ያን ዝርዝር ይዞ በየጠዋቱ ዶርም የሚያንኳኳ ሰው ቢቀጠርበት እመርጣለሁ፤ ቅስቱም ይሠራ፣ ትንሽ ይጠር። ሐሳቤን እዚህ የጻፍኩት ለጉባኤው እንዲቀርብ ነው።

ማዘርን ባለፈው ወር ቤቷ ሄጄ አገኘኋት። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች። ያን ቀን ነገርኳት፣ ስለ ነጩ ረድፍ። ሳቀችብኝ። «እኔ መቼ ሰው ቆጠርኩ ልጄ! ወጥ ሲተርፍ የሚጠይቁት እኔን ነበር። ስንት ሰው እንደቀረ ካላወቅሁ የሚቆረጠው ከደመወዜ ነው።» ቡናውን ደግማ ቀዳችልኝና ጥቂት ዝም አለች። «ረጅሙን ግን አውቀዋለሁ፣ ሁልጊዜ እንጀራ ጨምሪልኝ ይል ነበር። የሚበላ ልጅ ሲቀር ደግሞ ያስታውቃል» አለች።

ረጅሙ ልጅ ደህና ነው። ቤቱ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ፣ ጠበልም ሕክምናም ሞከሩለት፣ በኋላ መምህራን ኮሌጅ ገብቶ ጨረሰ፤ ዛሬ ራሱ ሒሳብ ያስተምራል። የሪዩኒየኑን ጥሪ ከሆነ ሰው ስልክ ላይ አይቶ ደወለልኝ። ብዙ አወራን። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለኝ፦ «ምን እንደሚያናድደኝ ታውቃለህ? ጫማህን አውልቀህ ትገባ ነበር። እሰማህ እኮ ነበር። አንድ ቀን ኮቴህን አሰምተህ ብትገባ ኖሮ፣ ቢያንስ እሰድብህ ነበር።» ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ። «አልተመረቅሁም፣ መምጣት ይፈቀድልኛል?» ሲለኝ ይፈቀድልሃል አልኩት፤ ኮሚቴውን ሳላማክር ነው፣ ይቅርታ።

ስለዚህ የአቀባበል ኮሚቴውን ሁለት ነገር እለምናለሁ። በእንግዶች ዝርዝር ላይ የሁለት ሰዎች ስም ጨምሬያለሁ፤ ካርድ ይዘጋጅላቸው። ማዘር ደረጃ መውጣት ስለሚከብዳት ምሳው ላይ ከታች፣ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ትቀመጥ። ዶርም ለሚያድሩት አልጋ ሲደለደልም ለእሱ የታችኛው ይሰጠው፤ እኔ ከላይ እተኛለሁ።